ወደ ጃፓን ለሁለት ሰው የተሰጠች አንዲት የይለፍ ወረቀት

ኅዳር ፲፩ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለክቡር ጓድ ሸዋንዳኝ ወሰኔ
የጥድ አፋፍ ገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር
መንዝ፣ ሞላሌ አጠገብ

ጉዳዩ፦ የዋሉልንን ውለታ በተራ ቁጥር ስለ መዘርዘር

ክቡር ሊቀ መንበር ሆይ፤

የኅዳር ውርጭ ጉልበትዎን ሳይዝ፣ የስብሰባ ብዛት ድምፅዎን ሳይዘጋ፣ የተቀመጡበትም ወንበር ከአራቱ እግሮቹ አንዱ ሳይጎድል ይህች ደብዳቤ እንድታገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ታናሽዎ ዳኜ አበጋዝ፣ ከመራቤቴ ቆላ ወጥቼ በመንዝ ደጋ ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ እየሸመንሁ የምኖር፣ ደህና ነኝ። ነገ ጠዋት ወደ ጃፓን የሚወስደው አውሮፕላን ይነሣል፤ በላዩ የምሳፈረው እኔ ነኝ ወይስ ባለቤቴ ኮከቤ የሚለውን ግን፣ ነገር ሁሉ በቅደም ተከተል ይቅረብ ብለው ያስተማሩን እርስዎ ስለሆኑ፣ ተራው ሲደርስ እገልጸዋለሁ።

ደብዳቤዬ በማኅበሩ ሱቅ በር ላይ እንድትለጠፍ ግልጽ አድርጌ የላክኋት እርስዎን ለማስቀየም እንዳልሆነ ይረዱልኝ። አሽጌ የላክሁልዎ ሦስት ማመልከቻዎች እስከ ዛሬ መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት ከሥራው ብዛት የተነሣ ፖስታ መቅደዱ አድክሞዎት ይሆናል ብዬ በማሰብ፣ ይህችን ሳልሸፍን ሰድጃታለሁ።

በሱቁ በር ቆመው ለሚያነቡና ለሚነበብላቸው ወገኖች የነገሩን መነሻ ባጭሩ ላስታውስ። ባለፈው ጥር ወር አቶ ሞሪታ የተባሉ ጃፓናዊ ሸማኔና ባለቤታቸው ሞላሌ ገበያ መጥተው፣ ኮከቤ የፈተለችውን እኔ የሸመንሁትን ባና አዩ፤ ዳሰሱት፤ አሸተቱት፤ ከዚያም ቤታችን ድረስ ተከትለውን መጡ። ሁለት ቀን ሙሉ ከእኛ ጋር ተቀመጡ። አቶ ሞሪታ ከሽመናው ጉድጓድ ገብተው እግራቸውን ማውጣት አቅቷቸው በሁለት ሰው ተጎተቱ፤ ሚስታቸው እንዝርት ይዘው ክሩን አራት ጊዜ በጠሱት፤ አማቴ እመት ጌታነሽም «እጇ ገና ነው፤ ልብ ግን አላት» ብለው መሰከሩላቸው። በሰኔ ወር ደብዳቤ መጣልን፤ እኔና ኮከቤ በአገራቸው ሸማኔዎች ፊት ተቀምጠን፣ ከጠጉሩ ጀምረን አንድ ባና እስከ መጨረሻው ድረስ እንድንሠራ የሚጠራ ነበር። ደብዳቤው «ሁለታችሁም» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ደጋግሞታል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ እሷ ካልፈተለች እኔ የምወረውረው የለኝም፤ እኔ ካልሸመንሁ የእሷ ድካም ልቃቂት ሆኖ ይቀራል። ሁለታችንም ከደብረ ብርሃን ወዲያ ተሻግረን አናውቅም ነበርና፣ የእርስዎን አመራር ለመለመን ወደ ቢሮዎ መጣን። ውለታዎ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አንደኛ፦ ለጉዟችን ዕቅድ የሚያወጣ ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ስላቋቋሙልን አመሰግናለሁ። ከሰባቱ አንዱ ደሴ ድረስ ሄደው የተመለሱ በመሆናቸው የውጭ አገር ጉዳይ አዋቂ ተብለው ምክትል ሆኑ። ኮሚቴው ከትምህርት ቤት የዓለም ካርታ አስመጥቶ፣ ከሞላሌ ደብረ ብርሃን የጥፍር ጫፍ ታህል መሆኗን፣ ይህችም በበቅሎ የሁለት ቀን መንገድ መሆኗን ካረጋገጠ በኋላ፣ እርስዎ በገዛ እጅዎ ስንዝር ለክተው ጃፓን አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ርቃ እንደምትገኝ አበሠሩን። በስሌቱ መሠረትም ጉዞው መሄጃው ብቻ አምስት ወር ከአሥራ አንድ ቀን እንዲሆን፣ ለዚህም ሦስት ዳውላ በሶ እንዲዘጋጅ፣ አንዲት ጠንካራ በቅሎም እንድትያዝ ተወሰነ። እኔ በትሕትና የምንሄደው በአየር መሆኑን ባስረዳሁ ጊዜ «በአየርም ይሁን በምድር መንገዱ ያው ነው፤ ከላይ ስለ ታየ አያጥርም» ብለው የመለሱልኝን ቃል እስከ ዛሬ መርታት አልቻልሁም። ኮከቤ ክረምቱን ሙሉ ገብስ ስትቆላ ከረመች። በሶው ከዚህ አልደረሰም፤ ኮሚቴው ጥራቱን ለማረጋገጥ እየቀመሰ ጨርሶታል።

ሁለተኛ፦ ሕይወታችንን ከውኃ ሙላት ስላተረፉልን አመሰግናለሁ። የመጀመሪያው ቀጠሯችን መስከረም አሥራ አምስት ነበር። እርስዎ ግን የጀማን ወንዝ እንኳ ኅዳር ሳይገባ የሚሻገር ሰው እንደሌለ፣ ከጀማ የሚበልጥ ባሕር በመስከረም መሻገርም የማኅበሩን አባል ሆን ብሎ ለሞት መስጠት እንደሆነ አስረድተው፣ ባሕሩ እስኪጎድል እንድንቆይ በቃለ ጉባኤ አሳገዱን። የተጻፈውን አስተርጉመን ለአቶ ሞሪታ ላክን። እሳቸውም «የባሕሩን ሁኔታ በየጊዜው እየተመለከትን እንጠባበቃለን፤ በኅዳር እንድትመጡ ተስተካክሏል» ብለው መለሱልን። ይህ ጨዋነት ይሁን ፌዝ መለየት አልቻልሁም። ፌዝ ከሆነ ግን ከእኒህ ሰው የምማረው ሽመና ብቻ እንዳልሆነ ተረድቻለሁ።

ሦስተኛ፦ እኔንና ኮከቤን አንድ ሰው ስላደረጉን አመሰግናለሁ።

ይህ ከሁሉ የከበደው ውለታዎ ስለሆነ በሰፊው እንድጽፈው ይፈቀድልኝ። ከላይ የወረደው መመሪያ አንድ ገበሬ ማኅበር ከአውራጃው ወሰን የሚያሳልፍ ወረቀት በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ እንዲሰጥ፣ ለሁለተኛ ሰው ግን የበላይን ፈቃድ እንዲጠይቅ ያዝዝ ነበር። መጠየቅ ማለት ሁለት መስመር ጽፎ መላክ ነው፤ ሆኖም እርስዎ የበላይ አካል ስምዎን ከነጥያቄ እንዲሰማው የማይወዱ ጥንቁቅ ሰው ስለሆኑ፣ ሐምሌ ሃያ ቀን ጉባኤውን ሰብስበው «ጓዶች፣ እነዚህ ሁለቱ በምን ተጋቡ?» ሲሉ ጠየቁ። አማቴም እርስዎን በልጅነትዎ ያዘሉ ሰው በመሆናቸው አንተ ማለቱን ስላልተዉ፣ ከሴቶቹ መካከል ብድግ ብለው «በቁርባን ነዋ! ሰማንያ እንደሁ በሽማግሌ ፊት ይፈርሳል፤ ልጄን ለቆላ ሰው በሚፈርስ ነገር የምሰጥ መስሎህ ነው?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ነገ ጥሏት ወደ አገሩ ይወርዳል ብለው ስለ ፈሩ፣ ወጣቶች ሳለን እንደ ካህን ቤት ልጆች አቁርበው አጋቡን። እኔም ደስ ብሎኝ ታሠርሁ፤ ከአንድ የይለፍ ወረቀት ጋር አብሬ መታሠሬን ግን እሳቸውም እኔም አላወቅንም።

እርስዎም ከመንበሩ በፊት የቤተ ክርስቲያን ተማሪ የነበሩበት ዘመን ትዝ ብሎዎት ፊትዎ በራ። «ቁርባን ከሆነማ ሁለት አይደሉም! አንድ አካል ናቸው። ለአንድ አካል አንድ ወረቀት ይበቃዋል። መመሪያውም አልተጣሰ፣ ሥርዓቱም አልተነካ። ጭብጨባ!» አሉ። ተጨበጨበ። ሁሉ ሲያጨበጭብ እጅ ማጠፍ ልማዴ ስላልሆነ እኔም አጨበጨብሁ። ከዚያ በማኅተም የወጣው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «የመንገደኛው ስም፦ ዳኜና ኮከቤ። የመንገደኛው ብዛት፦ አንድ። የመንገደኛው መልክ፦ ጠይም፣ ቀጠን ያለ፣ ጺሙ የሚያቆጠቁጥ፣ ሹሩባ የተሠራ።» በቅሎዋ ያላገባች በመሆኗ የራሷ ወረቀት በስሟ እንደ ተሰጣት ለታሪክ መዝግቤዋለሁ።

አራተኛ፦ አገር እንድናይ በከንቱ አዲስ አበባ ድረስ ስለ ላኩን አመሰግናለሁ። በነሐሴ መጨረሻ ወረቀቷን ይዘን በውጭ ጉዞ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ለጉዳዩ ከተመደቡት ጸሐፊ ፊት ቆምን። ሰውየው ትሑት ናቸው። ወረቀቷን አነበቡ፤ ቀና ብለው አዩን፤ በብዕራቸው ጫፍ «አንድ፣ ሁለት» ብለው ቆጠሩን፤ መልሰው አነበቡ። ከዚያ «ጺምና ሹሩባ ያለው የትኛችሁ ነው?» አሉ። ኮከቤ የእኔን ጺም አሳየች፤ እኔ የእሷን ሹሩባ አሳየሁ። ጸሐፊው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ካሻሹ በኋላ «ልጆቼ፣ ወይ ሁለተኛ ወረቀት አምጡ፣ ወይ ከሁለት አንዳችሁ ሂዱ» አሉን። በቦርሳችን ውስጥ የበቅሎዋ ወረቀት ስለ ነበረች፣ በእሷ ልግባ ይሆን ብዬ ለጥቂት ጊዜ ማሰቤን ከእርስዎ አልደብቅም።

በመመለሻው አውቶቡስ እኔና ኮከቤ በትዳራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ተጣላን። እኔ «አንቺ ሂጂ» አልኋት። እሷ «አንተ ሂድ» አለችኝ። «ያለ አንተ ሄጄ ምን ላደርግ? ልቃቂት ታቅፌ ለሰው ልታይ?» አለች። ተሳፋሪው ጣልቃ ገባ። አንዲት እናት «እሷ ትሂድ! ወንድ ከሄደ ጃፓን አግብቶ ይቀራል» ሲሉ፣ ከኋላ የነበሩ ሽማግሌ «ኧረ እሱ ይሂድ፣ ዓሣ በልቶ ይመለሳል፤ እሷን ማን ያበላታል?» ብለው ተከራከሩ። እርስዎ ባስለመዱን ሥርዓት እጅ እየተነሣ ድምፅ ተሰጠ፤ ሃያ ሦስት ለኮከቤ፣ ዘጠኝ ለእኔ ሆነ፤ ሾፌሩ ሁለቱም እጆቹ መሪ ላይ ስለ ነበሩ ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። ኮከቤም ቤት ከገባን ጀምሮ እንዝርቷን አላነሣችም። ክቡር ሆይ፣ ያን ሰሞን አውሮፕላን አልነበረም የሚያስፈራኝ። ጥላኝ ትሄዳለች ብዬ እፈራ ነበር፤ በእኔ ምክንያት ትቀራለች ብዬ ደግሞ ይበልጥ እፈራ ነበር።

አምስተኛ፦ ስሕተት እንዲታረም በለመንሁ ጊዜ ስላስተማሩኝ ትምህርት አመሰግናለሁ። «ማኅተም ያረፈበት ነገር አይሳሳትም፤ የተሳሳተው አንባቢው ነው» አሉኝ። ይህ ጥልቅ አስተሳሰብ በጽሕፈት ቤትዎ ብቻ ተወስኖ ቢቀር ባዘንን ነበር፤ ደግነቱ የሱቁ ኃላፊ «አንድ አካል» የሚለውን ቃለ ጉባኤ አንብቦ በሥራ ተረጎመው። ሳሙናና ስኳር የሚታደለው በነፍስ ወከፍ ስለሆነ፣ በቁርባን የተጋቡ ሁሉ ለሁለት አንድ ሳሙና ይወስዱ ጀመር። ከዚያ ወዲህ በአካባቢያችን የታየውን የትዳር መናጋት በሱቁ ደጅ የተሰለፈ ሁሉ ያውቀዋል። አርባ ዓመት በቁርባን የኖሩ አዛውንት «ያን ዕለት ጨጓራዬን አሞኝ ነበር፤ እሷ ናት እንጂ እኔ አልቆረብሁም» ብለው መሐላ አቀረቡ። የቄሱ ባለቤት ወይዘሮ አማከለች «እሱ ሲታጠብ እኔ ልነጻ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ባለቤታቸውም መልሱን ከመጽሐፍ ሲያገላብጡ እስከ ዛሬ አላገኙትም። እኔም በደረስሁበት ሁሉ «ግማሹ ዳኜ መጣ! ሌላውን የት ጣልኸው?» እየተባልሁ ስፈራ ስቸር ከረምሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን የእርስዎ ባለቤት ወይዘሮ በዛወርቅ፣ እሳቸውም እንደሚታወቀው የቁርባን ሚስትዎ ናቸው፣ ሳሙናቸውን ሊወስዱ ቢመጡ «ሊቀ መንበሩ ጠዋት ወስደዋል» ተብለው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ይህን ያነሣሁት በኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

ስድስተኛ፦ «ለጃፓን ሰፊው ሕዝብ ገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር» ብለው ስለ ጻፉት የሰላምታ ደብዳቤ አመሰግናለሁ። እንዳይጠራጠሩት በማለት ሁለት ጊዜ አትመውበታል። ከዚህ ሁሉ ጉዳይ ሁለት ማኅተም ያገኘ እሱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ተራው ደርሷልና ቃሌን ልጠብቅ። ነገ ጠዋት በአውሮፕላኑ የሚሳፈረው እኔ ነኝ። ኮከቤም ናት። በእጃችን በሕጋዊ ማኅተምዎ የታተሙ፣ ብዛታቸው ሁለት የሆነ፣ አንዱ ጺም ብቻ ሌላው ሹሩባ ብቻ ያለባቸው የይለፍ ወረቀቶች ይገኛሉ፤ መነጽር ያላቸው ጸሐፊም ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ካነበቡ በኋላ «አሁን ሰው መሰላችሁ» ብለው አሳልፈውናል። እርስዎ የሰጡት አንድ ብቻ እንደ ነበር አውቃለሁ። ሁለተኛው እንዴት እንደ ተገኘ ግን የቤት ውስጥ ጉዳይ ስለሆነ፣ ከዚህ ከዋናው ጽሑፍ ይልቅ በግርጌ ቢቀመጥ ይሻላል ብዬ ወስኛለሁ።

ኮከቤ እዚህ አጠገቤ ተቀምጣ ለመንገዱ የተለቀመውን የጓሳ በግ ጠጉር ታፍታታለች፤ እጇ ወደ እንዝርቱ ከተመለሰ ሦስት ሳምንት ሆነው። ባናውን ሠርተን፣ የሰላምታ ደብዳቤዎን ለሚመለከተው ጃፓናዊ አስረክበን፣ ባሕሩ ዳግመኛ ሳይሞላ በታኅሣሥ መጨረሻ እንመለሳለን። ስንመለስ የጉዞውን ሪፖርት ሁለት ሆነን እናቀርባለን፤ አንዱ ሲናገር ሌላው እንዲተነፍስ።

ከእኔ ግማሽ፣ ከኮከቤ ግማሽ፣ በድምሩ አንድ ሙሉ አብዮታዊ ሰላምታ እያቀረብሁ፣ በሰጡን አመራር ሳንጠፋ የቀረን፣ በከለከሉንም ነገር ሁሉ ብርታት ያገኘን፣ እጅ መንሣታችን ከጉልበትዎ እንዲደርስልን የምንማጠን፣

ታዛዦችዎ
ዳኜ አበጋዝና ኮከቤ
(ብዛት፦ ሁለት)

ድኅረ ጽሑፍ፦ በጥቅምት ወር ለዘጠኝ ቀን ሴሚናር በሄዱ ጊዜ ኮከቤ የተዋሰችውን ልቃቂት ልትመልስ ከቤትዎ ገብታ ነበር። ወይዘሮ በዛወርቅ «አንቺ ልጅ፣ ፊትሽ ምን ሆነ?» ብለው ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። እሳቸውም «ጓድ ሸዋንዳኝ ሙሉ በሙሉ ሄደ ያለሽ ማን ነው? ግማሹ ሄደ እንጂ ግማሹ እዚህ ተቀምጧል» ብለው፣ ከምሰሶው ላይ የማኅተሙን ከረጢት አወረዱ። በመሠረተ ትምህርት በተማሩት ፊደል፣ እርስዎ ከሚጽፉት ይልቅ በሚነበብ ጽሕፈት፣ ሁለቱን ወረቀቶች ጽፈው አተሙ፤ «የሊቀ መንበሩ ፊርማ» በሚለውም ላይ «በዛወርቅ» ብለው ፈረሙ። ጸሐፊው «በዛወርቅ ማን ናቸው?» ሲሉኝ በውሳኔዎ መሠረት «ሊቀ መንበሩ ናቸው» ብዬ እውነቱን መለስሁ። ይህን እንድደብቅላቸው ብጠይቃቸው «ጻፈው፤ ስሜንም አጉልተህ ጻፈው። ቢቀጣኝ ራሱን ይቀጣል፤ ቢያሳስረኝም አብሮኝ ይግባ፤ አንድ ወረቀት ይበቃናል» ብለውኛል።

ማኅተሙን ከምሰሶው ቢያጡት አይደንግጡ፤ ከመቀነታቸው ጫፍ ተቋጥሯል። በቦታው ተሰቅሎ ያገኙት እንዝርትም የጠፋ ዕቃ አይደለም። ወይዘሮ በዛወርቅ አሥራ ሁለት ዓመት የአንዱን አካል ጠጉር ብቻቸውን ሲፈትሉ እንደ ኖሩ አስልተዋልና፣ የቀረው የእርስዎ ግማሽ ሳይፈተል ከበሩ ኋላ በሦስት ጆንያ ተቀምጦ ይጠብቅዎታል።